ተኝቶም የማያርፍ ልብ

ልጄ፣ ያንን ሰዓት ከገዛሽ ወዲህ ከዋሽንግተን ደውለሽ የምታወሪኝ ስለ እርምጃ ብዛት ብቻ ሆኗል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የሰው ክንድ ይዤ ትርታ ስቆጥር የኖርኩ ነርስ ነኝና ከእርምጃሽ ይልቅ የልብ ምትሽ ይገደኛል። እናትሽም አክስትሽም በታይሮይድ ታክመዋል። ይህ የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ የሚመጣው ሕመም በቤተሰብ ይሄዳል፤ ከወንድ ይልቅም ሴትን ያጠቃል። ልብንም ያፈጥናልና ሰዓትሽን እንዲህ ተጠቀሚበት።

1. የሌሊቱን ቁጥር አስቀድሚ። የቀኑ ምት ሺህ ሰበብ አለው፤ ደረጃው፣ ቡናው፣ የአለቃ ስልክ። ሌሊት ግን የደህና ሰው ልብ ይረግባል። ጭንቀት ልቧን የሚያስመታት ሴት እንኳ እንቅልፍ ከወሰዳት ብዙውን ጊዜ ምቷ ይወርዳል። የታይሮይድ ሆርሞን የበዛበት ልብ ተኝቶም አያርፍም፤ ሆርሞኑ የሚያፈጥነው ምቱን የሚያስነሳውን የልብ ክፍል ራሱን ነውና። ድሮ ሐኪሙ «የዚህችስ ጭንቀት ነው ወይስ ዕጢ?» ብሎ ሲጠራጠር፣ ሌሊት የእጅ ባትሪ በብብቴ ይዤ፣ እንዳትነቃብኝ ሦስት ጣቴን አንጓዋ ላይ ቀስ አድርጌ አሳርፌ እቆጥር ነበር። ጣቴ ስር እንደተባረረ ሰው ልብ የሚዘል ከሆነ ጠዋት ደሟ ይላካል። ያንን ሥራ ዛሬ ሰዓትሽ በየሌሊቱ ይሠራልሻል፤ ታዲያ ማታ ማታ አውልቀሽ ቻርጅ ላይ እየሰካሽው አትደሪ። ራት ስትሠሪ ቻርጅ አድርጊው።

2. ራስሽን ከራስሽ ጋር አስተያዪ። «በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው» የሚለው የመጽሐፍ ቁጥር አያዘናጋሽ። ዓመቱን ሙሉ 62 ላይ የከረመ የእረፍት ምትሽ በሁለት ወር ውስጥ 78 ከገባ፣ ወረቀቱ ደህና ነሽ ይልሻል፤ እኔ ግን አልልሽም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ቡንዳንግ ሆስፒታል ሐኪሞች 30 የታይሮይድ ሆርሞን የበዛባቸውን ታማሚዎችና 10 ጤነኞችን እንደ ሰዓትሽ ያለ ፊትቢት አስረው ተከታተሏቸው፤ ጥናቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእረፍት ምት በ11 ያህል ሲጨምር ሆርሞኑ ከልክ በላይ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ተብሎ ከሚቆጠረው ይልቅም በሰዓት የተሰበሰበው ከደሙ ውጤት ጋር በተሻለ ይገጥም ነበር። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ነገሩ ግን ሠርቶ ላየው ሰው አያስገርምም።

የአንድ ማታ ጭማሪ አያስደንግጥሽ። ዕጢው የሚያመነጨው ቲ4 የሚባለው ሆርሞን ደም ውስጥ ገብቶ ግማሹ እስኪወገድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የዕጢ ነገር የሚታየው በሳምንታት ነው፤ ለአንድ ቀን ዘሎ የወረደው የሠርግ ጠጅ ወይም ጉንፋን ይሆናል። «ማስጠንቀቂያው አልጮኸም» ብለሽም አትመኪ። አፕል ዎች ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀመጠለት ወሰን ያለ እንቅስቃሴ ለ10 ደቂቃ ከ120 በላይ መምታት ነው፤ 95 ላይ ሆና የምትከርም ታማሚ ብዙ ናት።

3. ሌላውን ሰበብ አጥሪ። ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ እርግዝና፣ ጫት፣ የማክሻ ክኒን፣ የአስም መድኃኒት ሁሉም ምት ያፈጥናሉ። ለገና አዲስ አበባ ስትመጪም ከ2,300 ሜትር በላይ ትወጫለሽና የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትቁጠሪያቸው።

4. ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ከፍ አድርገሽ እሰሪው፤ አይላላ፣ አይጥበቅም። ደምሽን የሚያየው በአረንጓዴ ብርሃን ስለሆነ ንቅሳት ያውከዋል፤ አንጓዋ ላይ መስቀል ለተነቀሰችው ለአያትሽ አይሆናትም። አልፎ አልፎ በጣትሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጥረሽ አመሳክሪው። ምቱ ከመፍጠኑም ሌላ ከተዘበራረቀብሽ ሳምንታት አትጠብቂ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

5. ሰውነትሽን ጠይቂ። እየበላሽ መክሳት፣ ሌላው ሲበርደው አንቺን መሞቅ፣ ቶሎ ቶሎ ሰገራ መውጣት፣ የወር አበባ መዛባት፣ ደረጃ ላይ ጭን መክዳት። እጅሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽ ላይ ወረቀት አኑሪበት፤ ጫፉ ከተርገበገበ ልብ በይ። እዚያ አገር ስትከሺ «አማረብሽ» ይሉሻል፣ እዚህ «ቡዳ በላት» ይላሉ፤ ሁለቱም ምርመራውን ያዘገዩታል።

የአንገት እብጠት ከሌለ ዕጢው ሰላም ነው ማለት አይደለም። ደብሊኑ ግሬቭስ በ1835፣ ጀርመናዊው ባሴዶው ደግሞ በ1840 ሕመሙን ሲጽፉ የልቡን ፍጥነት ከእብጠቱና ከዓይን መፍጠጥ ጋር አስቀምጠውታል፤ ሦስቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። በተቃራኒው የደጋው አገራችን እንቅርት በብዛት ከአዮዲን እጥረት የመጣ ስለነበር ባለቤቱን ልብ ሳያስመታ ይኖር ነበር። ሲቆይ ግን እንደ አክስትሽ ያባበጠው ዕጢ በራሱ ፈቃድ ሆርሞን ማመንጨት ሊጀምር ይችላል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼኔ ነው። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው ስታስገባ እንዲህ ያለው ሕመም ጨምሮ ታይቷል። ጨውሽን ግን እንዳትተይ፤ ለብዙኃኑ ጥቅሙ ያመዝናል።

6. ፍርዱን ለደም ምርመራ ተይው። መጀመሪያ ዕጢውን የሚያዘው ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ይታያል፤ ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ እሱ ይወርዳል፣ የዕጢው ሆርሞኖች ቲ4 እና ቲ3 ይወጣሉ። ለፀጉርና ለጥፍር የምትውጪው ባዮቲን በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ላይ ሐሰተኛ ውጤት ያወጣልና ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመሽ አቁሚው፣ ለሐኪሙም ንገሪ። የሦስት ወሩን የምት መስመር በአንድ ገጽ አትመሽ ውሰጂ። ስልክ እየገፋሽ የምታሳዪውን ሐኪም አያይልሽም፤ ጊዜም የለው።

7. መድኃኒት ከተጀመረልሽ ሰዓቱን ከቀድሞው ባነሰ እመኚው። ፕሮፕራኖሎል ልቡን ቶሎ ያረጋጋዋል፣ የዕጢውን ማምረት ግን አያስቆመውም፤ ሰዓትሽ 70 እያለሽ ሆርሞኑ አናት ላይ ሊሆን ይችላል። ማምረቱን የሚገታው ሜቲማዞል ሳምንታት ይፈልጋል። በቁጥሩ ተነሥተሽ ክኒን እንዳትጨምሪ እንዳትቀንሺም። ሜቲማዞል እየወሰድሽ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣብሽ ክኒኑን አቁሚና በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴልሽን አስቆጥሪ፤ አልፎ አልፎ መድኃኒቱ ያሟጥጠዋል፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ሰዓት አያሳይሽም።