ቀዝቃዛ አየር ለሞተር፤ ደጋው ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይነሳል?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱን ሲጀምር ማርሽ በማርሽ ላይ እየቀነሰ ያቃስታል፤ ከማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይለቃል። ተሳፋሪው «ሞተሩ አርጅቷል» ይላል፤ ሾፌሩ «ናፍጣው ጥሩ አይደለም» ይላል። ከጋራዥ ሰዎች መካከል ደግሞ ሌላ መድኃኒት የሚያዝዙ አሉ። «ሞተሩ የሚስበው አየር ከኮፈኑ ሥር የሞቀውን ነው፤ ቱቦ ሠርተን ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ብናስገባለት ጉልበት ይጨምራል» ይላሉ። ላሜራ ጠቅልለው፣ የውሃ ቱቦ ቆርጠው፣ በፋሸታ አጥብቀው የሚሞክሩም አይጠፉም።

አሳቡ ከመሠረቱ እውነት አለው። ነገር ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ቀዝቃዛ አየር ለሞተር ጉልበት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሰው በርኖስና ባና ደርቦ በሚውልበት በመንዝና በግሼ ደጋ ሞተር ከሁሉ ይልቅ ሊበረታ በተገባው ነበር። የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። ይኸ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይኸንኑ ነው፤ ከዚያም ቱቦውን መሥራት ለሚፈልግ ሰው ምን ማድረግና ምን መተው እንደሚገባው እንገልጻለን።

፩ኛ፤ የሞተር ምግብ

ብዙ ሰው የሞተር ምግብ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ብቻ ይመስለዋል። በክብደት ብንመለከተው ግን ሞተር ከነዳጁ ይልቅ እጅግ የሚበልጥ አየር ይበላል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ከአንድ ኪሎ ስለሚያንስ ወደ 11 ኪሎ አየር ይበቃዋል። አየር ክብደት የለውም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይኸ እንግዳ ነገር ይሆንበታል፤ ነገር ግን በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1,225 ግራም ይመዝናል።

እንግዲህ የሞተር ጉልበት የሚወሰነው ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት ግራም አየር ገባ በሚለው ነው። የሲሊንደሩ ስፋት አይለወጥም፤ ሁልጊዜ ያው ነው። የሚለወጠው በዚያ ስፋት ውስጥ የሚገባው አየር ክብደት ነው። ይኸንንም ክብደት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ግፊት፣ ሁለተኛው ሙቀት። ግፊት ሲቀንስ አየር ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨምርም ይሳሳል።

፪ኛ፤ ከፍታ የሚነሳው

አየር ግፊት እንዳለው በባዜቃ የለካው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1643 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1648፣ ፈረንሳዊው ፓስካል የእኅቱን ባል ፔርዬን ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ላከው። ፔርዬ ባዜቃውን ይዞ ወደ ተራራው በወጣ ጊዜ በመስተዋቱ ቱቦ ውስጥ ያለው ባዜቃ ዝቅ አለ። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር በላያችን ያለው አየር እያነሰ፣ ግፊቱም እየቀነሰ እንደሚሄድ በዚህ ታወቀ። መኪና ጣርማ በርን ሲወጣ የሚደርስበት ነገር ፔርዬ በባዜቃው ካየው የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ሒሳብ እንምጣ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 68 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀኑ ሙቀት 10 ዲግሪ ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 850 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ1,225 ግራም ጋር ስናስተያየው 30 በመቶ ጎድሏል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ወደዚህ የሚጠጋ ያጣል።

ከመንዝ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ መርሐ ቤቴ እንሻገር። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ሒሳቡ እንዲቀልልን በሸለቆው ውስጥ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቦታ እንውሰድ፤ የቀትሩም ሙቀት 30 ዲግሪ ይሁን። በዚያ አንድ ሜትር ኩብ አየር 970 ግራም ያህል ይመዝናል። በመንዝ ውርጭ ወርዶ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ቢደርስ እንኳ የመንዙ አየር ክብደት ከ880 ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የጀማ የቀትር ሐሩር አየር ከመንዝ የንጋት ውርጭ አየር ይልቅ ለሞተር የጠገበ ነው! ጥያቄያችን በዚህ ተመለሰ። በደጋው ብርዱ የሚጨምረው ከፍታው የሚቀንሰውን ሊተካ አይችልም።

ጥቁሩ ጭስም ከዚሁ የሚመጣ ነው። የድሮው ካርቡራቶርም ሆነ የድሮው የናፍጣ ፖምፓ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በቆላ ይሰጥ የነበረውን ነዳጅ በደጋም ይሰጣል። አየር ያነሰው ነዳጅ በሚገባ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሁኖ ይወጣል።

፫ኛ፤ ቅዝቃዜ የሚሰጠው

ቅዝቃዜ ግን ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በ10 ዲግሪና በዙሪያው፣ ሦስት ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ይጨምራል ብለን ብንይዝ ሒሳቡ አይሳሳትም። መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ከኮፈኑ ሥር ያለው አየር 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ይልቅ የውጭውን የ10 ዲግሪ አየር ቢስብ የሚያገኘው አየር በክብደት 14 በመቶ ይበልጣል። መኪናው ሲሄድ ግን ነፋሱ ከኮፈኑ ሥር ስለሚገባ ልዩነቱ ያንሳል። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ቢሆን ትርፉ 5 በመቶ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አለ። አያሌ ፋብሪካዎች አየሩን ከፊት ግሪል በስተኋላ ወይም ከፓራፋንጉ ውስጥ፣ ማለትም ከውጭ፣ እንዲመጣ አድርገው ሠርተውታል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ቱቦ መግጠም ያለውን እንደገና መሥራት ነው፤ የሚገኘው ትርፍም ከድምፅ በቀር ብዙ አይደለም። ስለዚህ ቱቦ ከመቁረጥ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማጣሪያው አፍ ወዴት እንደሚመለከት ማየት ይገባል።

በከፍታ የጎደለውን አየር በእርግጥ የሚመልሰው ሌላ ነገር ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 በጭስ ኃይል የሚዞር የአየር መጭመቂያ አሳብ በፓተንት አስመዘገበ፤ ዛሬ ቱርቦ የምንለው ነው። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ ወደተባለው፣ ከ4,300 ሜትር ወደማያንሰው ተራራ አወጣ። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ራስ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ ግን ወደ ቀድሞው ጉልበቱ ተመለሰ። አባቶቻችን «ኤንትሬ» ይሉት የነበረው የፊያት የጭነት መኪና ቱርቦ አልነበረውም፤ ዳገት ላይ እንደዚያ ይንፏቀቅ የነበረውም አንዱ ምክንያት ይኸ ነው። የዛሬዎቹ አያሌ የናፍጣ መኪናዎች ግን ቱርቦ ስላላቸው ደጋውን ከቀድሞዎቹ ተሽለው ይችሉታል።

፬ኛ፤ ቱቦው ሲሠራ

አየሩን በእርግጥ ከኮፈን ሥር የሚስብ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቱቦውን ቢሠራ አንነቅፈውም። ነገር ግን የሚከተለውን ሥርዐት ይጠብቅ።

ሀ. አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ይመልከት። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ከሞቀ አየር ይብሳል። ማጣሪያውን መለወጥ ብቻውን ከቱቦው የበለጠ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለ. ቱቦው ከቀድሞው አፍ የጠበበ አይሁን፤ መታጠፊያውም ጥቂትና ዘርጋ ያለ ይሁን። ላሜራ ወይም አሉሚንየም ይሻላል። የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በሙቀት ስለሚለሰልስ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሊያልፍ አይገባውም።

ሐ. አፉ ከራዲያተሩ በስተኋላ አይሁን፤ ከራዲያተሩ ያለፈ አየር ሞቅቷልና። ጎማ ውሃና ጭቃ ከሚረጭበት ቦታም ከፍ ይበል። ከማጣሪያው በፊት ባለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው።

መ. ማጣሪያው በምንም ምክንያት አይነሣ። ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ በላስቲክና በፋሸታ ጥብቅ ይሁን።

ሠ. በአዳዲስ መኪናዎች ላይ የአየሩን መጠን የሚለካ መሣሪያ ከማጣሪያው በኋላ ተተክሎ ይገኛል። ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒዩተር በዚህ ልክ ስለሚመራ የቱቦውን ውፍረትና የመሣሪያውን ቦታ መለወጥ ልኩን ያዛባል። እንዲህ ያለውን ክፍል መንካት አይገባም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ትርፉን በወሬ ሳይሆን በልክ ማወቅ ይቻላል። አንድ ቴርሞሜትር በቀድሞው አፍ፣ አንድ ደግሞ በአዲሱ አፍ አጠገብ አስሮ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ነው። ልዩነቱን ለሦስት ማካፈል፤ የሚገኘው ቁጥር በመቶ የሚጨመረውን አየር በግምት ይነግረናል። ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ድካሙ ለአንድ በመቶ ነበር ማለት ነው።

፭ኛ፤ የቆጡን አወርድ ብላ

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ጠላቶች አሉ፤ እነርሱም አቧራ፣ ውሃና በረዶ ናቸው።

አቧራ ከሁሉ የከፋው ነው። በመሐል ሜዳ ከፍታ አንድ ሊትር ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር 13 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይስባል። አሥር ሊትር ቢያቃጥል 130 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይኸም አንድ መለስተኛ የመማሪያ ክፍል ይሞላል። ያ አየር በበጋ፣ በጠጠር መንገድ ላይ፣ ከፊት ከሚሄድ መኪና ኋላ የሚሳብ ሲሆን ምን ያህል አፈር እንደሚይዝ አንባቢ ያስበው። ከማጣሪያው በኋላ አንዲት ስንጥቅ ካለች አፈሩ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ አፈሩም ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ቀለበት እንደ ሞረድ ይበላል። ሞተሩ ዘይት ማቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ሲጀምር ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከአንድ ሳምንት ጉዞ በኋላ ከማጣሪያው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ። ጨርቁ አፈር ከያዘ ቱቦው ያፈሳል።

ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። የቱቦውን አፍ ለቅዝቃዜ ሲሉ ወደ ታች ማውረድ በክረምት ጅረት ሲሻገሩ ውሃ እንዲሳብ ያደርጋል፤ ውሃ የዋጠ ሲሊንደርም ቢየላውን ያጣምማል። በላንድክሩዘሮች ላይ በመስተዋቱ ጎን ወደ ላይ የሚወጣው ቱቦ ለውበት የተተከለ አይደለም። ከውሃም፣ መሬት ለመሬት ከሚሄደው አቧራም ርቆ የውጭ አየር ይስባል። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ከዚህ ቢማር መልካም ነው፤ አፍ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሂድ።

በረዶ ካርቡራቶር ያላቸውን ይመለከታል። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ካርቡራቶሩ ከውጭው አየር በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ ጊዜ፣ በካርቡራቶሩ ጉሮሮ በረዶ ሊጋገርና ሞተሩን ሊያፍን ይችላል። የቮልስዋገን መሐንዲሶች ይኸን ስላወቁ ለኤሊዋ መኪና ማጣሪያ የሞቀ አየር የሚያመጣ ቱቦ አበጁላት። ያን ቱቦ ነቅሎ ቀዝቃዛ ማስገባት መሻሻል ሳይሆን የመሐንዲሱን ጥበብ ማፍረስ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ቱቦ አየርን ይመራል እንጂ አየርን አይፈጥርም። የኮፈን ሙቀት የወሰደውን ጥቂት በመቶ ሊመልስ ይችላል፤ ከፍታ የወሰደውን 30 በመቶ ግን ሊመልስ አይችልም። ለዚያች ጥቂት ትርፍ ሲባል ማጣሪያውን ያላላ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆናል።

ነገሩ የሚከብደው መኪናው የቅንጦት ዕቃ ስላልሆነ ነው። የመንዝ በግ ወደ ገበያ የሚወርደው፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም የምትደርሰው፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመለሰው በዚሁ በሚያቃስተው መኪና ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይነሳውም፤ ይኸ ለደጋ አገር ትልቅ ተስፋ ነው። እስከዚያው ግን ያሉት ሞተሮች ገና ለብዙ ዘመን ዳገቱን ሊወጡ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ መኪና የያዘ ሁሉ አስቀድሞ ንጹሕ አየር፣ ቀጥሎ ደረቅ አየር፣ በመጨረሻም ቀዝቃዛ አየር ይፈልግ እንላለን፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይገልብጥ።