ሚስት ለሥራ ስትወጣ የባል ድርሻ

ሙስሊሞች ሆይ! በወልቂጤና በቡታጅራ አገር፣ ባል ለንግድ አዲስ አበባ ሲከርም እንሰት ፍቃ ቤቱን ያቆመችው ሴት ናት። እንግዲህ ሥራ ለእርሷ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ጧት ወጥታ ማታ መግባቷ ነው።

በሱረቱ ኒሳእ ሴት ከሠራችው ድርሻ እንዳላት ተነግሯል፤ ደመወዟ የእርሷ ነው፤ የቤቱም ቀለብ ከባል ጫንቃ አይወርድም።

ሕፃኑስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ብቻ ፈቀደ። ሱረቱል በቀራህ ግን ጡት ማስጣልን እንኳ በሁለቱ ምክክር ላይ አቁሟል።

ነጋዴ ሆይ! «ልጅ ማባበል የወንድ ሥራ አይደለም» የምትል እንደ ሆነ፣ አል-አስወድ እናታችንን ዓኢሻን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደ ነበር ጠይቋቸዋል። ቤተሰባቸውን ሲያገለግሉ ቆይተው፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ይወጡ እንደ ነበር መለሱለት፤ ይህንም ቡኻሪ ዘግበውታል።