ጠመዝማዛ የቀለም መስመር በሞዴል አይሮፕላን ላይ እንዴት ይወጣል?

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የዓመት መዝጊያ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ ሞዴል አይሮፕላን ቀርቦ ነበር። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው በቀር ቀኝ ክንፉን አጥርቶ ያየ የለም። ወደ ግድግዳው አዙሬ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ወር የደከምሁበትን ሥራ በአንድ ሌሊት ችኮላ አበላሽቼው ነበርና። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ሌላው ተማሪ እኔ በወደቅሁበት እንዳይወድቅ በማሰብ ነው።

ሞዴሉ ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላን ነው። ይህ አይሮፕላን በ1932 ዓ.ም. ክረምት (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1940) እንግሊዞች ከጀርመን አየር ኃይል ጋር ባደረጉት ውጊያ ስሙ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ላዩ በቡናማና በጠቈር ያለ አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ነበር። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ ነው። ቀጥ ያለ መስመር የክንፉን ቅርጽ አጉልቶ ያሳያል፤ ጠመዝማዛው ግን ቅርጹን ቈራርጦ ከላይ ለሚያይ ጠላት ከእርሻውና ከሣሩ ጋር ያመሳስለዋል። አቀባቡም በዘፈቀደ አልነበረም፤ «ኤ» እና «ቢ» የተባሉ ሁለት ንድፎች ነበሩ፤ አንዱም የሌላው የመስተዋት ምስል ነበር።

የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። የእኔ ሞዴል 72 ጊዜ ያነሰ ስለ ሆነ 15.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ በሁለቱ ቀለሞች ድንበር 3 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ብዥታ ቢኖር፣ በሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በሞዴሉ ላይ መስመሩ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት።

እኔም ለዚህ ሥራ የወረቀት ፕላስተር ገዛሁ፤ ይኸውም የመኪና ቀለም ቀቢዎች ቀለም እንዳይነካው የሚፈልጉትን ቦታ የሚሸፍኑበት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፕላስተር እየጎተትሁ በንድፉ ላይ አጎበጥሁት፤ እርሱም ተጨማደደ። አረንጓዴው ቀለም በሽብሽቡ ሥር ሾልኮ ገባ። ቡናማውም ገና አልደረቀም ነበርና ፕላስተሩን ስነቅል አብሮ ተነቀለ።

ክንፉን ያዩት አንድ ሰው የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። አልተቈጡኝም፤ «ፕላስተሩ ለምን ተጨማደደ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልሱን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

በስታዲየም ሩጫ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመሙ ኵርባ ላይ በውጭ በኩል ያለው ሯጭ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሮጣል፤ በ400 ሜትር ሩጫ የሯጮቹ መነሻ አንድ ያልሆነውም ስለዚህ ነው። ፕላስተርም ሲጎብጥ እንዲሁ ነው። ራዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ሩብ ክብ እንውሰድ። የፕላስተሩ የውስጥ ጠርዝ ርዝመት 47.1 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ የውጭው ጠርዝ ራዲየስ 40፣ ርዝመቱም 62.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 15.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለት የውስጠኛው ሲሶ ያህል ነው። ወረቀት ይህን ያህል አይለጠጥም፤ ውጩ ሲወጠር ውስጡ ይሸበሸባል። ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን የውጭው ጠርዝ 48.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 3 ያህል ነው። ይህንንስ ፕላስተሩ ይችለዋል። እንግዲህ ምሥጢሩ ፕላስተሩን ማቅጠን ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ፈካ ያለው ቀለም ይቀድማል። ፈካ ያለውን በጠቈረው መሸፈን ይቀላልና። በስፒትፋየር ላይ ቡናማው ቀዳሚ ነው። የዘይት ቀለም ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።

ሁለተኛ፤ ንድፉን በሞዴሉ ልክ በወረቀት ላይ ሥሎ በእርሳስ ቀለል አድርጎ ወደ ክንፉ ማዛወር ነው።

ሦስተኛ፤ ፕላስተሩን በንጹሕ መስተዋት ላይ ለጥፎ በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ 1 ሚሊ ሜትር እያደረጉ መሰንጠቅ ነው። ሲለጠፍ አይጎተት፤ የተጎተተ ፕላስተር ወደ ነበረበት ለመመለስ ስለሚጥር ጠርዙ ይነሣል። የእርሳሱን መስመር እየተከተሉ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጥቂት በጥቂት መጫን ይበቃል። ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን አጫጭር ቍራጮችን መደራረብ ይሻላል። ከመስመሩ የራቀው ቡናማ ቦታ በሰፊ ፕላስተር ይሸፈናል።

አራተኛ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ከአረንጓዴው በፊት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ያንኑ ቡናማ ቀለም ስስ አድርጎ መቀባት። ሾልኮ የሚገባ ቀለም ቢኖር ቡናማው ነው፤ ቡናማም በቡናማ ላይ አይታይም። ሲደርቅ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

አምስተኛ፤ አረንጓዴውን በስስ ድርብ መቀባት ነው። ብሩሹ ሁልጊዜ ከፕላስተሩ ወደ ባዶው ቦታ ይሂድ፤ ወደ ፕላስተሩ ከሄደ ቀለሙን ከጠርዙ ሥር ይገፋዋል።

ስድስተኛ፤ አረንጓዴው እጅ መያዙን ሲተው፣ ነገር ግን ፈጽሞ ሳይጠነክር ፕላስተሩን ማንሣት ነው። ወደ ላይ አይነቀልም፤ በራሱ ላይ ወደ ኋላ እየታጠፈ ክንፉን ተጠግቶ በዝግታ ይላቀቃል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ እኔም አፍስሼ ለቀምሁ። የተበላሸውን ክንፍ በውሃ በራሰ ረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሥራውን እንደ ገና ከአንድ ጀመርሁ። ለመምህራችን ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት በቍጥር ነው፤ ለማድረቂያው ቀን ግን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ዘዴ አላገኘሁም። ዘንድሮ አይሮፕላኑ ከጠረጴዛው መካከል ይቆማል፤ በፈለጋችሁት ወገን ዞራችሁ እዩት።