የአገር ጥበብና የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት

ስለ ውጭ አገር ሠዓሊ ሕይወትና ሥራ ለማወቅ የሚሻ የሥነ ጥበብ ተማሪ ብዙ አይደክምም። ስለ ሬምብራንት ወይም ስለ ፒካሶ የተጻፉት መጻሕፍት እጅግ ብዙ ስለሆኑ አንዱን ቢያጣ ሌላውን ያገኛል። ስለ አገሩ ሠዓሊ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዚያ ሠዓሊ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ተበታትኖ የሚገኘው በኤግዚቢሽን መጥሪያ፣ በቀጭን የሥዕል መዘርዝርና በአሮጌ ጋዜጣ ዓምድ ላይ ነው። እነዚህም የዕለት ጉዳያቸው ሲያበቃ የሱቅ ዕቃ መጠቅለያ የሚሆኑ ወረቀቶች ናቸው።

ይህን ችግር ቀደም ብለው ከተገነዘቡት ሰዎች አንዱ የፖላንድ ተወላጁ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በዚያው ዘመን ሥራውን በጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆኑ። አዲስ የተከፈተ ኮሌጅ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ጎን ለጎን ኢትዮጵያን የሚመለከተውን ጽሑፍ ለብቻው ማሰባሰብ ያዙ። ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና ልዩ ልዩ የእጅ ሥራዎችንም ጨመሩበት። ሥዕልና መስቀል ለቤተ መጻሕፍት ምን ይረባል የሚል አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን የጥንቱ የኢትዮጵያ ሠዓሊ በሥራው ላይ ስሙን እምብዛም ስለማይጽፍ፣ ታሪኩ የሚነበበው ከራሱ ከሥዕሉ፣ ከቀለሙና ከመልኮቹ አሣሣል ነው። ኾይናትስኪ በዚሁ መንገድ ሲያጠኑ ኖረው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሥዕል ዋና ዋና ርእሰ ጉዳዮች ላይ ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ያ ስብስብ በ1963 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሠረት ሆነ። ተቋሙም ለዩኒቨርሲቲው በተሰጠው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አደራጀ።

እንዲህ ያለው ስብስብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሠዓሊውና የባለ ቅኔው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ ያስረዳል። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር ከተማረ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በኋላም ከአገሩ ወጥቶ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዐረፈ። በጀርመን አገር ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቹ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በነዚያ ሃያ ሰባት ዓመታት በከተማይቱ ሥዕል ይማር የነበረ ወጣት እነዚያን ሥራዎች በዓይኑ ሊያያቸው አልታደለም። ስለ ሠዓሊው የሚማረው በአገር ከቀሩት ሥዕሎች፣ ከመምህራን አንደበትና ሰው ከጠበቃቸው ወረቀቶች ብቻ ነበር።

ወረቀትን መጠበቅ ሲባል ግን በሣጥን ቆልፎ ማኖር አይደለም። መጥሪያ ብዙውን ጊዜ ቀኑንና ወሩን እንጂ ዓመቱን አይናገርም፤ ያሳተመው ሰው ዓመቱን ሁሉም ያውቀዋል ብሎ ይተወዋልና። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ወረቀቱ በእጁ እንደ ገባ ሠዓሊውን ጠይቆ ዓመቱን በእርሳስ ካልጻፈበት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሥዕሎቹ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት የታዩ ይሁኑ በኋላ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ጥያቄዎች

1. ስለ አገር ሠዓሊ ማጥናት ስለ ውጭ አገር ሠዓሊ ከማጥናት የሚከብደው ለምንድን ነው?
2. «እምብዛም» እና «አልታደለም» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።