የጋራዥ በር ሞተር ጥርስ ለምን ያልቃል?

ትምህርትና ሥራ ሊነጣጠሉ አይገባም። በጅዳና በመካ በሹፌርነትና በዘበኝነት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ የጋራዡ በር እንቢ ሲል በመጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የብልሽቱን መነሻ ማወቅ የሙያ ብቻ ሳይሆን የመብትም ጉዳይ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ በሩ ካልተነቃነቀ፣ ከክዳኑም ሥር ነጭ ብናኝ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ ያለቀው የናይለኑ ጥርስ ነው። ይህን ጥርስ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ብረት ነው፤ ጭነት ሲበዛ ከሁለቱ የሚበላው ለስላሳው ነው።

ጥገናው እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በሩ ተዘግቶ ሳለ ኤሌክትሪኩን መንቀል።

2ኛ/ በሩን ከሞተሩ አላቅቆ በእጅ እስከ ወገብ ማንሳት። ከከበደ ወይም ባለበት ካልቆመ ችግሩ ከሞላው ነው፤ የጅዳ ጨዋማ እርጥበት ብረት ያዝጋል። የተወጠረ ሞላ ሰው ሊገድል ስለሚችል ለባለሙያ ይተው።

3ኛ/ ሞላው ደኅና ከሆነ ብናኙን ጠርጎ፣ የዚያኑ ሞዴል ጥርስ ተክቶ ግራሶ መቀባት። ጠመዝማዛው ብረትም ተበልቶ እንደሆነ አብሮ ይለወጥ።

ሞላውን ሳይመረምሩ ጥርስ ብቻ መለወጥ በሽታውን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው፤ አዲሱም ያልቃል። የተበላውን ጥርስ ግን አይጣሉት፤ «የሰበርከው አንተ ነህ» ለሚባል ሠራተኛ ምስክር ይሆነዋል።