ከምጣዱ ይጀምሩ፦ ጉለሌ ውስጥ ታማኝና አቅምን ያገናዘበ ኤሌክትሪሺያን ለመቅጠር

በሽሮ ሜዳ፣ በቀጨኔ፣ በአዲሱ ገበያና በሩፋኤል ብዙ የቆዩ ቤቶች አሉ። መጀመሪያ ሽቦ ሲገባላቸው የታሰበው ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ ፍሪጅ፣ ካውያ፣ ስቶቭ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ይሰካል። ምጣድ ብቻውን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። ተራው የግድግዳ ሶኬት ደግሞ የሚችለው 16 ነው። ሶኬቱ የሚጠቁረውና የሚሸተው ለዚህ ነው። የሰፈራችን ሰው ሶኬት ሲቀልጥበት ሶኬት ይቀይራል፤ ደግሞ ሲቀልጥ ደግሞ ይቀይራል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሶኬቱ ጀርባ ነው።

ስለዚህ ሠራተኛ ከመፈለግዎ በፊት ቤትዎ ምን እንደሚያስፈልገው ይወቁ። ምን እንደሚያሠራ የማያውቅ ባለቤት ቅን ሰው ቢያገኝ እንኳ ገንዘቡ ይባክናል፤ ሥራው በየቀኑ እየጨመረ፣ ዋጋውም አብሮ እየጨመረ ይሄዳል።

ሥራውን ይቁጠሩ

ወረቀት ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ። እያንዳንዱን አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት አንድ ነጥብ ብለው ይመዝግቡ፤ ብዙ ሠራተኞች ዋጋ የሚናገሩት በነጥብ ነው። ምጣድ፣ ስቶቭና የሻወር ማሞቂያ ግን ከነጥቦቹ ጋር አይደባለቁ፤ እያንዳንዳቸው ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሳቸው መስመር ስለሚፈልጉ ለብቻ ይጻፉ። ቀጥሎ ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ይሁን አቡጀዲድ ወይም ማዳበሪያ ያስታውሱ። በጨርቅ ኮርኒስ ላይ ራቁቱን የተዘረጋ ሽቦ አይጥ ይበላዋል፣ ከተቃጠለም ጣራውን ይዞ ይሄዳል፤ እንዲህ ላለ ቤት ሽቦው በሙሉ በኮንዲዩት ውስጥ መግባት አለበት። ከዚህ ላይ ዋጋ መቀነስ አይገባም።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ግድግዳ ከመሰንጠቅዎ በፊት ወረዳውን ያነጋግሩ። በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራ የሚጠቀምበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ጎረቤቶችዎን ይሰብስቡ። አብሮ ማሠራት ዋጋ ይቀንሳል፤ የእርስዎ ክፍል ብቻውን ቢታደስም ከግቢው አሮጌ መስመር የሚነሳው አደጋ አይቀርልዎትም።

አንድ ድንበር አለ። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው፣ ቆጣሪውንም ጨምሮ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሰዉ ዛሬም «መብራት ኃይል» ይለዋል። የቆጣሪ ማኅተም ፈትቼ አስተካክላለሁ፣ ከቆጣሪ በፊት እቀጥልልዎታለሁ የሚል ሠራተኛ ቢመጣ ችሎታው ምንም ያህል ቢሆን ያሰናብቱት፤ ለእርስዎ ሲል መብራት ኃይልን የሚያታልል እርስዎንም አይምርም። ቆጣሪው አቅም ካነሰው ጥያቄው ለአገልግሎቱ ቅርንጫፍ ይቀርባል፤ ለብልሽት 905 ይደወላል።

የት ይፈለጋል?

ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው። አይከፋም። ነገር ግን ባለሱቁ የሚጠቁምዎት ዕቃውን የሚያሸጥለትን ሰው ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው ኮሚሽን ካለ ከፋዩ እርስዎ ነዎት። ከሱቅ ይልቅ ዕድር ይሻላል። የዕድር ጸሐፊ የማን ቤት መቼ እንደታደሰ፣ ማን ሠርቶ ማን ጀምሮ ጥሎ እንደሄደ ያውቃል። ሲጠይቁ «ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ታውቃላችሁ?» አይበሉ፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም አዎ ይላል። «ከሠራው ሁለት ክረምት ያለፈው፣ እስካሁን ያልተበላሸ ሥራ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የጉለሌ ዝናብ ያልፈተነውን ዝርጋታ ማመስገን ይከብዳል።

የሙያ ኮሌጆችም አሉ። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለው ጄኔራል ዊንጌትና በቀድሞው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ያለው እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ በዚህ ሙያ ያሠለጥናሉ። አሠልጣኞቹ የትኛው ምሩቅ እጁ ንጹሕ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም። በየወረዳው የተደራጁ ማኅበራትንም አይርሱ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞች የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ይሰጥ ስለነበር እዚያ እጁን ያፍታታ ብዙ ሠራተኛ ከተማው ውስጥ አለ።

ወረቀት ከጠየቁ ሲኦሲ ይጠይቁ፤ የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው ደረጃው የተጻፈበት ማረጋገጫ አለው። እኔ ግን ወረቀት ያለውን ሁሉ አላምንም፣ የሌለውንም ሁሉ አልንቅም። ለዚያ ነው ቀጣዩ እርምጃ የሚያስፈልገው።

ሦስት ጥያቄዎች

ሠራተኛው ቤቱን አይቶ ሲጨርስ ቡና ጋብዘው ይጠይቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምጣድ ስንት ቁጥር ሽቦ ትዘረጋለህ?» የሚል ነው። ጥሩ መልስ «ከሳጥኑ ተነሥቶ ለብቻው የሚሄድ ባለ 4 ሽቦ፣ ከርቀቱ የተነሣ ባለ 6ም ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ብሬከር፣ በሶኬት ፋንታም ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ» ዓይነት ነው። «ባለ 2.5 ይበቃል፣ ከሌሎቹ ሶኬቶች ጋር አያይዘዋለሁ» ካለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ።

ሁለተኛው «ብሬከሩ ደጋግሞ ቢወርድ ምን ታደርጋለህ?» ነው። «ትልቅ ብሬከር እቀይራለሁ» የሚለው ቤት አቃጣይ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ከኋላው ያለውን ሽቦ ነው፤ ባለ 1.5 የመብራት መስመር 10 አምፔር፣ ባለ 2.5 የሶኬት መስመር 16 ወይም 20፣ ባለ 4 የምጣድ መስመር እስከ 25 አምፔር ይያዝለታል። ብሬከሩን አሳድጎ ሽቦውን እንዳለ መተው ሽቦው ራሱ ፊውዝ እንዲሆን መፍረድ ነው። ትክክለኛው መልስ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ሦስተኛው ስለ ግራውንድ ነው። በአሮጌዎቹ ቤቶች ያለው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው። የምጣድ ቆርቆሮ ግራውንድ ከሌለው፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሯ የምትጋግር ሴት ያላት መከላከያ ዕድል ብቻ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ድካም ለመቀነስ የሶኬቱን የግራውንድ ጫፍ ከኒውትራሉ ጋር ያስረዋል፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የዕቃው ቆርቆሮ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ይህን እንደ ዘዴ የሚያወራ ሰው አይቀጠርም። በእንጦጦ እግር ሥር መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ የግራውንድ ዘንጉ አልገባ ሊል ይችላል፤ የሚያውቅ ሰው ሌላ ቦታ ይሞክራል ወይም ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰልና ጨው ይጨምርበታል፣ ዘንጉን ከላይ ቆርጦ አይደብቀውም።

መሣሪያውንም ይዩ። መልቲሜትር የሌለው፣ ፒንሳና ናስትሮ ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው አምፖል ይቀይር እንጂ ቤት አይዘርጋ።

ዋጋና ውል

ያንኑ የነጥብ ዝርዝር ለሦስት ሰዎች ይስጡ፤ ዝርዝሩ አንድ ካልሆነ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም። የእጅ ዋጋውን ከዕቃው ለይተው ይነጋገሩ። በቀን ከመክፈል በቁርጥ መስማማት ይሻላል፤ በቀን የሚከፈለው ሰው ሥራው ቢጓተት አይጎዳም። ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ጨርሶ ለማስረከብ የሚገባውን ሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2610 ከቀን ሠራተኛ ለይቶ ያየዋል። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ምን ይሠራል፣ በስንት፣ መቼ ያልቃል፣ ከተበላሸ እስከ ስንት ወር ያለ ክፍያ ያስተካክላል። ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ የመታወቂያውም ቅጂ ይያያዝ።

ክፍያው በሦስት ይከፈል። ሩቡ ቀብድ፣ ግማሹ ቱቦውና ሽቦው ገብቶ ግድግዳው ሳይለሰን፣ የቀረው ሩብ ከፍተሻ በኋላ። ገንዘብ ለመቆጠብ ካሰቡ ግድግዳ መሰንጠቁንና መለሰኑን ለቀን ሠራተኛ ይስጡ፤ ኤሌክትሪሺያኑን መዶሻ ማስያዝ ውድ ነው።

ዕቃውን ራስዎ ይግዙ

ሠራተኛው ዝርዝር ይጻፍ፣ እርስዎ ይግዙ፣ ደረሰኝ ይያዙ። አብሮ ቢሄድ መልካም ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍሉት ግን እርስዎ ይሁኑ። መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ትልቁ ማጭበርበር ያለው ሽቦ ላይ ነው፤ 2.5 ተብሎ ተጽፎበት መዳቡ ቀጭን ይሆናል፣ 100 ሜትር ተብሎ ያጥራል። ሚዛን ይህን ያጋልጣል። የባለ 2.5 ሽቦ 100 ሜትር ጥቅል መዳቡ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ ጥቅሉ ከነፕላስቲኩ ሁለት ኪሎ እንኳ ካልሞላ አይግዙት። ከዚያ ጫፉን ልጠው በቢላ ይፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ከሁሉም ዕቃ ውስጥ ሰው «ይቅርብኝ» የሚለው፣ እኔ ግን አይቅር የምለው፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ነው፤ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያፈስ ፈጥኖ የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ተራ ብሬከር አይደለም።

ሲሠራና ሲያልቅ

ከመለሰኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፈው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ነገ ሚስማር የሚመታው እርስዎ ነዎት። ከሳጥን ውጭ፣ በልስን ውስጥ የተቀጠለ ሽቦ ካዩ ያስፈቱት።

በመጨረሻው ቀን ሠራተኛው ባለበት ይፈትሹ። ማብሪያው ሲጠፋ የአምፖሉ መያዣ ላይ ፌዝ መቅረት የለበትም፤ በቴስተር እሱ ያሳይዎ። የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑት፣ ወዲያው መውረድ አለበት። እያንዳንዱ ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ ይጻፍበት። ከዚያ ምጣዱን አስጥደው ግማሽ ሰዓት ያህል ያስጋግሩ፤ ብሬከሩን ካጠፉ በኋላ የማብሪያውን ክዳን በእጅዎ ይንኩት። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ ከፈጀ ግን የላላ ቦታ አለ፣ ተፈትቶ ይጠበቅ። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939ን ከሳጥኑ አጠገብ ይለጥፉት።

ፈተናው ካለፈ የቀረውን ሩብ ያንኑ ዕለት ይክፈሉ። «ነገ ና» እያሉ የድሃ ሠራተኛ ገንዘብ የሚይዙ ባለቤቶች በሰፈራችን ብዙ ናቸው፤ ጎበዙ ኤሌክትሪሺያን ሁለተኛ ሲጠሩት ስልክ የማያነሣው በእነሱ ምክንያት ነው።