የቋንቋ መማሪያ በስልክ ላይ፦ ለማን? በምን ዋጋ? በማንስ ኃላፊነት?

(ለጥናት ክበቦች መወያያ የቀረበ)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚሆን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አዘጋጅቶ የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር በመካከላችን ሁለት አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው «ስልክ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ወረቀትም ማተሚያ ቤትም አይፈልግም፤ ስለዚህ ቀላል ንግድ ነው» ይላል። ሁለተኛው «በእኅቶቻችን ላብ መነገድ ነውር ነው፤ በነፃ ይታደል» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ስተዋል። ዋናው ጥያቄ፣ መጽሐፉ ስሕተት ሲገኝበት ማን ያርመዋል? በምን ገንዘብ? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን አንድ አጋጣሚ ነው። ከመካከላችን አንዱ ጅዳ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የሕክምና ተቋም ለአስተርጓሚነት ተጠርቶ ነበር። ሕመምተኛዋ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ዐረብኛ ገና ስላልያዘች፣ ስልኳ ላይ ከነበረው የአማርኛና የዐረብኛ መጽሐፍ «ልብ» የሚለውን ቃል ፈልጋ «ቀልቢ፣ ቀልቢ» ስትል ቆየች። ሐኪሙም የልብ ምርመራ አዘዘ። ባልደረባችን ሲደርስ እጇ ያረፈው ከእንብርቷ በላይ፣ ከደረቷ በታች ነበር። «ልቤን ያቃጥለኛል» ስትል ቃሯን መናገሯ ነው። ሲጠይቃት ለራስ ምታት የገዛችውን ማስታገሻ በባዶ ሆዷ ለሳምንታት ስትውጥ መክረሟ ታወቀ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የልብ ምርመራው ስሕተት አልነበረም፤ በዚያ ቦታ የሚሰማ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ከልብ ሊመጣ ይችላል። መጽሐፉም ቃሉን በትክክል ተርጉሟል፤ ልብ በዐረብኛ ቀልብ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉን የጻፈው ሰው፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት «ልቤን» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አላሰበም። በዚህም ምክንያት «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ በጊዜው ሳይጠየቅ ቀረ።

1. ተማሪው ማን ነው?

የመጀመሪያው ተግባር ተማሪውን ለይቶ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዡ ሠራተኛ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ሁሉም በአዋጁ በር አልመጣም። በጅቡቲ ወይም በየመን በኩል አቋርጦ የመጣው ወገናችን ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሊሆን ይችላል።

በጅዳና በመካ ቢያንስ አራት ዓይነት ተማሪ አለ። አንደኛዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ የሚያስፈልጋት የኩሽና፣ የሕፃናት፣ የደመወዝና የሕመም ቋንቋ ነው። ሁለተኛው በሹፍርና ወይም በጉልበት ሥራ የሚተዳደረው ነው። ሦስተኛው ጅዳ ተወልዶ ያደገው ሕፃን ነው፤ የእርሱ ችግር ተቃራኒ ሲሆን ዐረብኛ ያውቃል፣ አማርኛው ግን ከቤት ሳይወጣ ቀርቷል። አራተኛው ለሐጅ ወይም ለዑምራ መካ ገብቶ የሚመለሰው ምእመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ወቅት በነበረው ብርቱ ሙቀት ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለዚህ ተማሪ 300 ገጽ ሰዋስው ምን ይፈይድለታል? «ዒንዲ ደውኀ» (ራሴን አዞረኝ) ብሎ መናገር መቻሉ ይበልጥበታል።

አነስተኛ ድርጅት ከአራቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ለሁሉም የተጻፈ መጽሐፍ ለማንም አይሆንም። እኛ የመረጥነው የቤት ሠራተኛዋን ነው።

2. የትኛው ዐረብኛ?

ሁለተኛው ተግባር ቋንቋውን መምረጥ ነው። አብዛኛው መማሪያ የሚያስተምረው ፉስሓ የተባለውን የመጽሐፍና የዜና ዐረብኛ ነው። በጅዳና በመካ ቤቶች ውስጥ የሚነገረው ግን የሒጃዝ ዐረብኛ ነው። በፉስሓ «እፈልጋለሁ» ለማለት «ኡሪድ» ይባላል፤ በሒጃዝ «አብጋ» ነው። «ምን» በፉስሓ «ማዛ»፣ በሒጃዝ «ኤሽ» ነው። «አሁን» በፉስሓ «አልኣን»፣ በሒጃዝ «ደሒን» ነው። «የት» በፉስሓ «አይነ»፣ በሒጃዝ «ፌን» ነው። ታዲያ ፉስሓውን ብቻ ያጠናች ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ኤሽ ተብጊ?» ስትባል ምን ትመልስ?

ይህ ማለት ፉስሓ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሥራ ውል፣ የመድኃኒት ማሸጊያና የሆስፒታል ምልክት የሚጻፉት በእርሱ ነው። ስለዚህ የሚነገረውን በሒጃዝኛ፣ የሚነበበውን በፉስሓ ለይቶ ማቅረብ ይገባል።

ከአማርኛ ጋር ያለው ዝምድናም ለትምህርቱ ትልቅ መሣሪያ ነው። «ራስ»፣ «ደም» እና «ነፍስ» በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ናቸው። «አንተ» እና «አንቺ» በሒጃዝኛ «ኢንታ» እና «ኢንቲ» ይባላሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ ለወንድና ለሴት የተለያየ አነጋገር መኖሩን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ይህን ሳያገናዝቡ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በወንድ አነጋገር የሚሰጡ መጽሐፎች አሉ። አንባቢዋ ሴት ከሆነች «ተዕባን» (ደክሞኛል፣ አሞኛል) ሳይሆን «ተዕባና» ልትል ይገባታል።

በአንጻሩ አሳሳች ቃላት አሉ። በሒጃዝ «ሞያ» ማለት ውሃ ነው። እመቤቲቱ «ሞያ!» ስትላት ልጅቱ የባልትናዋ ነገር የተጠየቀ ሊመስላት ይችላል። ከዚህ የከፋው «ሐራራ» ነው። በዐረብኛ ሙቀት ወይም ትኩሳት ማለት ሲሆን፣ በእኛ የጫት ወይም የቡና አምሮት ነው። ሐኪም «ዒንዲክ ሐራራ?» ብሎ ትኩሳት እንዳላት ሲጠይቃት፣ ክብሯን የነካ መስሏት «ኧረ የለብኝም!» ብትል የሕመሙ ዋና ምልክት ተሰወረ ማለት ነው።

3. ፊደልና የስልክ አሠራር

ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም አ፣ ዐ ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ። በአማርኛ የድምፅ ልዩነታቸው ስለጠፋ «ይቀነሱ» የሚል ክርክር ለብዙ ጊዜ ቆይቷል። ለዐረብኛ መማሪያ ግን እነዚህ ፊደላት ሀብት ናቸው፤ «ሀዋ» (ነፋስ)፣ «ሐራራ» (ትኩሳት)፣ «ኁብዝ» (ዳቦ) ብለን ስንጽፍ ሦስቱን ድምፆች ለይተን እናሳያለን። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ይህን ስምምነት አስረድቶ እስከ መጨረሻው ሳያዛንፉ መጠቀም ነው። በፊደላችን የማይገኙትን ድምፆች በጽሑፍ ለማስመሰል ከመድከም በድምፅ ቀርጾ ማሰማት ይሻላል። ማንበብ ለማትችለዋ እኅትም መድረሻው መንገድ የድምፅ ቅጂው ነው።

ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ የኮምፒውተር ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ስለዚህ ማንኛውም የቆየ ጽሑፍ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ፒዲኤፍ የገጹን ቅርጽ ስለሚጠብቅ በትንሽ ስልክ ላይ ፊደሉ ያንሳል። ኢፐብ የተባለው ዓይነት ግን ፊደሉን በስልኩ ስፋት ልክ ያስተካክላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሦስተኛው ደረጃም ድምፅንና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ጽሑፍን ይቀበላል። የምንጠቀምበትን የፊደል ዓይነት ከመጽሐፉ ጋር ማያያዝ ግዴታ ነው።

አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ በአንድ መሥመር ላይ ሲደባለቁ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ቦታ ይለዋወጣሉ። መፍትሔው እያንዳንዱን ቋንቋ በየራሱ መሥመር ማስቀመጥ ነው። ስለ ቁጥርም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በዐረቦች አጻጻፍ 5 ክብ ስለሆነ ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። የመድኃኒት መጠን የሚነበብበት ምዕራፍ ከዚህ መጀመር አለበት።

4. ዋጋና ሕግ

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በዓለም አቀፉ የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ገበያ አሳታሚው እንደ ዋጋውና እንደ አገሩ 35 ወይም 70 በመቶ ያገኛል። 70 በመቶ የሚከፈለው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆን፣ ያውም በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው፤ ለፋይሉ ክብደትም በሜጋባይት 0.15 ዶላር ይቀነሳል። 5 ሜጋባይት የሚመዝን መጽሐፍ በ2.99 ዶላር ብንሸጥ 0.75 ተቀንሶ ከቀረው 70 በመቶ፣ ማለትም ወደ 1.57 ዶላር ይደርሰናል። ድምፅ ስንጨምርበት ክብደቱ ስለሚያድግ ድርሻችን ይመነምናል። ቋንቋችን በገበያው ተቀባይነት ካላቸው ቋንቋዎች መካከል መኖሩንም አስቀድሞ ማጣራት ያሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኅታችን ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የላትም። ስለዚህ የተሻለው በር አዲስ አበባ ነው። ልጅቷ ከመጓዟ በፊት እርሷ ወይም ቤተሰቧ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ በጀመረው ቴሌብር ከፍለው መጽሐፉን ስልኳ ላይ ጭነውላት ትመጣለች።

ሕጉም ወደዚያው ይመራናል። ለትምህርት የመጣ ተማሪ ያለ ፈቃድ ጅዳ ውስጥ ንግድ መክፈት የለበትም። በሳዑዲ ዜጋ ስም ተሸፍኖ መነገድም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ያስከትላል። ድርጅቱ በንግድ ፈቃድ አዲስ አበባ ይቋቋም፤ የእኛ ድርሻ መጻፍ፣ መፈተሽና ማረም ይሁን። እስላም ያልሆኑት ባልደረቦቻችን መካ መግባት ስለማይፈቀድላቸው የመካውን ፍተሻ ሙስሊሞቹ ይያዙት።

«በነፃ ይታደል» ለሚሉን መልሳችን እነሆ። የሕመም፣ የአደጋና የደመወዝ ገጾች በነፃ ይታደሉ፤ ነፍስ የሚያድን ገጽ አይሸጥም። በእነዚህም ላይ የአምቡላንስ ጥሪው 997፣ የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 በጉልህ ይጻፉ። ሙሉው ትምህርት ግን በመጠነኛ ዋጋ ይሸጥ። ነፃ ተሠርቶ የተተወ መጽሐፍ፣ ባለቤቱ ሲመረቅና ሲበተን ስሕተቱን ይዞ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ይኖራል። የሚገኘው ገንዘብ የድምፅ ቀራጭና የአራሚ ደመወዝ እንጂ የማንም ትርፍ መሆን የለበትም።

5. እርማት የሥራው እምብርት ነው

የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በመጀመሪያው ረቂቃችን «ቀጠሮዬ ጠዋት በ2 ሰዓት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ ዐረብኛ መለስነው። የኢትዮጵያና የሳዑዲ ዐረቢያ ሰዓት አቆጣጠር በፀሐይ አንድ ቢሆንም በአጠራር 6 ሰዓት ይለያያል፤ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእነርሱ 8 ነው። ረቂቁ እንዳለ ቢወጣ ኖሮ አንባቢዋ የጠዋት ቀጠሮዋን በእነርሱ 2 ሰዓት ብላ ታስይዝ ነበር። መድኃኒቷንም በሌላ ሰዓት ልትውጥ ትችል ነበር። ጥፋቱን ያገኘልን የቋንቋ ሊቅ አይደለም፤ ረቂቁን ጮክ ብላ ያነበበችልን፣ ለዓመታት ጅዳ በሰው ቤት የሠራች እኅት ናት።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ደንብ አውጥተናል፦

ሀ) ማንኛውም ምዕራፍ ከመውጣቱ በፊት በሒጃዝ ተወላጅና ሥራውን በምታውቅ ኢትዮጵያዊት ይነበብ፤ ለሁለቱም ይከፈላቸው።

ለ) የሕክምና ምዕራፉን ልምድ ያለው ሐኪም ይመርምረው፤ እኛ ገና ተማሪዎች ነንና።

ሐ) በእያንዳንዱ ምዕራፍ ራስጌ የእትሙ ቁጥርና ቀን ይጻፍ። መጽሐፉ በስልክ መባዛቱ አይቀርም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን ቢጠብቅም እያንዳንዷን ስልክ ሊቈጣጠር አይችልም። ቀኑ ካለ ግን አሮጌው ቅጂ ከታረመው ይለያል።

መ) የገዛ ሰው የታረመውን እትም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያግኝ።

መደምደሚያ

ባጭሩ፣ መጽሐፉን መሥራት የጥቂት ወራት ጉዳይ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመታት። ድርጅት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። የኛ ትውልድ ተማሪ በስኮላርሽፕ ያገኘውን ዕውቀት ለወገኑ ማካፈል ካለበት፣ ከትልቁ ንግግር በፊት ከአንዲት ቃል ይጀምር። «ልብ» ምን ማለት እንደሆነ ለሐኪሙም ለሕመምተኛዋም ማስረዳት እንችላለን፤ ስለዚህም ኃላፊነቱ የኛ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) በምትኖሩበት አገር ያለው ኢትዮጵያዊ የሚሰማው ቋንቋ ከመማሪያ መጽሐፉ በምን ይለያል?

2) በነፃ ሊታደሉ የሚገባቸው ገጾች የትኞቹ ናቸው? ድንበሩን ማን ይወስን?

3) ክበባችሁ ሲበተን የጀመራችሁትን መጽሐፍ ማን ያርመዋል?